ርእሰ አንቀጽ፦ በቤት የሚማሩ ልጆቻችንና የሚዘለለው ምዕራፍ

በማኅበራችን ክልል ከሚኖሩት ቤተሰቦች መካከል ጥቂቶቹ ልጆቻቸውን በቤታቸው እንደሚያስተምሩ ለነዋሪው የታወቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ጀምረው በዚያው የቀጠሉ አሉ፤ በልጅ ሕመም የተነሣ የጀመሩም አሉ። ምክንያቱ የየቤቱ ነውና አንመረምርም። ነገር ግን እነዚሁ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበሩ አዳራሽ ተሰብስበው የዓለም ታሪክ በኅብረት መማር ከጀመሩ ወዲህ ነገሩ የሁላችንም ሆኗል። አሁን የደረሱበት ክፍል በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1500 እስከ 1800 ያለው ዘመን ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ወላጆች የሚያስተምሩበት መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ነው። በ1492 ከኮሎምበስ መርከብ ይነሣና ከአውሮፓ ሳይወጣ ያልቃል፤ ልጁም «እኛስ ያን ጊዜ የት ነበርን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ከጓዳ ሊጀመር ይችላል። በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት በአገራችን የቀመሰው ሰው አልነበረም። ስለዚህ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግብር ላይ ዛሬ የምናውቀው ቀይ ወጥ አልቀረበም ማለት ነው፤ ይኼን የሰማ ልጅ ቶሎ አይረሳውም። በቆሎም እንደዚሁ ነው። በአንዳንድ አካባቢ «የባሕር ማሽላ» መባሉ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ባሕር ዛፍም ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ እሱ ግን የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ ከዚህ ጋር አይደባለቅ።

በአያት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠች ጠገራ ብርም መምህር ትሆናለች። በላይዋ 1780 የሚል ዓመት ተቀርጿል። ልጁ «በ1780 የተሠራች ናት» ቢል አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲሠራ ኖሯል። በዕቃ ላይ የተጻፈ ሁሉ እንደተጻፈ የማይታመን መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ከሰዎችም መካከል በባርነት ተሸጦ ሕንድ አገር ከደረሰ በኋላ የአሕመድናገር መንግሥት እንደራሴ ሆኖ ከሙጋሎች ጋር የተዋጋው፣ በ1626 የሞተው ማሊክ አምባር አለ፤ በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ሉዶልፍ የተባለውን ሊቅ አማርኛ ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስም አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከ1529 እስከ 1543 በኢማም አሕመድ ኢብራሂምና በዐፄ ልብነ ድንግል፣ በኋላም በልጃቸው በዐፄ ገላውዴዎስ መካከል የተደረገው ጦርነት ይዘለል የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ ወላጆች ቀርቦልናል። የሚገርመው ሐሳቡ ከሁለቱም ወገን መምጣቱ ነው። ክርስቲያኑ ወላጅ «የአብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ ሲነሣ ልጄ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ይጣላል» ይላል። ሙስሊሙም «ልጄን የግራኝ ልጅ እያሉ ሊያበሽቁት ነው» ይላል። ሁለቱም ለሰላም አስበው ነውና ስጋታቸውን አንንቅም፤ ሐሳቡን ግን አንቀበለውም። ልጅ በአዳራሹ ያልሰማውን ኳስ ሜዳ ላይ መስማቱ አይቀርም። እዚያ ደግሞ የሚሰድብ እንጂ የሚያስረዳ የለም።

ታዲያ እንዴት ይሰጥ? ከዓለሙ ታሪክ ጋር ተያይዞ ነዋ! ፖርቱጋሎች በ1498 አፍሪካን ዞረው ሕንድ ገቡ፤ ኦቶማን ቱርኮች በ1517 ግብፅን ያዙ። ሁለቱም በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ይሻሙ ነበር። ኢማሙ ከቱርኮች ነፍጠኞች አገኙ፤ ለንጉሡም ወገን በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫው 400 ያህል ፖርቱጋሎች ይዞ መጣ። እሱ በ1542 ተማርኮ ተገደለ፤ ኢማሙም በ1543 ወይና ደጋ ላይ ወደቁ። ሃይማኖት የለበትም አንልም፤ በሚገባ አለበት። ነገር ግን የዘይላ ንግድ መንገድና የግብር ጉዳይም አለበት። ረዳት ሆነው የመጡትም ቢሆኑ የራሳቸውን ነበር የሚያስቡት። ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ያዙ፤ ከፖርቱጋል ወገን የመጡት ኢየሱሳውያንም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አገሩን በእምነት ከፋፍለው ደም ካፋሰሱ በኋላ በዐፄ ፋሲለደስ ተባረሩ።

የኢማሙን ዘመቻ ከራሳቸው ወገን የነበረው ዐረብ ፈቂህ በዐረብኛ ጽፎታል፤ የዐፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል በግዕዝ አለ፤ ፖርቱጋላዊው ካስታኞሶም የበኩሉን ጽፏል። ልጆቹ «ማን ጻፈው? ለማን ደስ እንዲለው ጻፈው?» እያሉ ይጠይቁ። በአዳራሹም ኢማም አሕመድ ይባሉ፤ «ግራኝ» በግራ እጅ የሚሠራ ማለት መሆኑና ስሙን ያወጣላቸው ማን እንደሆነ ይነገር።

በበኩላችን አንድ ክርስቲያንና አንድ ሙስሊም ወላጅ አስቀድመው አብረው አንብበው፣ በዕለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዲያስተምሩ ሐሳብ እናቀርባለን። አንዱ በሌለበት ሌላው ብቻውን አይስጥ። ከስምንት ዓመት በታች ላሉት የበርበሬው ነገር ይበቃቸዋል። በግድግዳውም ላይ ሁለቱ አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ባለፈው አንዲት ልጅ የወይና ደጋን ውጊያ በ1535 ዓ.ም. ብላ ትክክል ሆና ሳለ «ተሳስተሻል» ተብላ አልቅሳለችና።

ለማስተማር ፈቃደኛ የሆናችሁ ወላጆች እስከ ሐሙስ ድረስ ለማኅበሩ ጸሐፊ ስማችሁን አስመዝግቡ። የመጪው ቅዳሜ ትምህርት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀመራል። ጠገራ ብር ያላችሁ እናቶችና አባቶች ይዛችሁ ብትመጡ ልጆቹ አይተው እዚያው ይመልሱላችኋል።