ጋላቢው «በዚህ ፈረስ አልወጣም» ሲል

ለአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም ትክክለኛነትና ደኅንነት ባለሥልጣን
ሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ሜሪላንድ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ዐፄ ምኒልክን «አባ ዳኘው»፣ ዐፄ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ» እያለ መሪዎቹን በፈረስ ስማቸው ከሚጠራ ሕዝብ የወጣሁ በመሆኔ የፈረስ ነገር ከልቤ ይገባል። ዛሬ ግን አቤት የምለው ስለ ጋላቢው ነው።

ግንቦት 2023ን ታስታውሳላችሁ። በኬንታኪ ደርቢ ዕለት ማለዳ፣ ብዙ ሰው ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው ፎርቴ የተባለ ፈረስ የቀኝ የፊት ኮቴው ተጎድቶ ስለተገኘ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ከውድድሩ አስወጣው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባልቲሞር ውስጥ በፒምሊኮ ሜዳ ላይ ሃቭናሜልትዳውን የተባለ ፈረስ በሩጫው መካከል የግራ የፊት እግሩ ተሰበረ፤ ጋላቢው ሉዊስ ሳኤዝ ተወርውሮ ወድቆ ሆስፒታል ገባ፤ ፈረሱም እዚያው ሜዳው ላይ በመርፌ እንዲሞት ተደረገ። በዚያው ሰሞን ደርቢው የሚካሄድበት ቸርችል ዳውንስ 12 ፈረሶች ሞተውበት ውድድሩን ኤሊስ ፓርክ ወደሚባል ሌላ ሜዳ አዛወረ።

ሥራችሁ ፍሬ ማፍራቱን አልክድም። በእናንተ ሥር ባሉ ሜዳዎች በ2023 በ1,000 የውድድር ተሳትፎ 1.23 ፈረስ ይሞት የነበረው በ2024 ወደ 0.90 ወርዷል። የቀረው ሞት ግን ዕድል ብቻ አይደለም። በሩጫ ላይ ተሰብረው የሞቱ ፈረሶች ሲመረመሩ፣ አብዛኞቹ እዚያው በተሰበረው አጥንት ላይ ቀድሞ የጀመረ ጉዳት ይገኝባቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው ያንን ጉዳት አጥንቱ ከመሰበሩ በፊት ማን ያውቀዋል የሚለው ነው።

ሐኪሙ ፈረሱን የሚመረምረው ጠዋት ነው። እግሩን ይዳስሳል፤ በልጓም ተይዞ ሶምሶማ ሲረግጥ ያያል። ያ ፈረስ በዚያች ሰዓት ደኅና መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ጋላቢው ተቀምጦበት ወደ መነሻው በር ሲያሟሙቀው የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ እርምጃው በአንድ ወገን ያጥራል፣ አንገቱ ይነቀነቃል፣ ቀዳሚ እግሩን ቀይር ሲባል እምቢ ይላል። ይህን ከሩቅ የቆመ ሰው ላያየው ይችላል፤ እርካብ ላይ ያለው ግን በገዛ ጉልበቱ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ከፈረሱ ጋር የሚተዋወቀው ደግሞ ከሩጫው ጥቂት ደቂቃ በፊት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ ያ እግር ቢከዳው፣ ከኋላው የሚመጡት ፈረሶች በላዩ ያልፋሉ።

ታዲያ ለምን ዝም ይላል? እንጀራው ስለሆነ ነው። ጋላቢ የሚቀጠረው በየሩጫው ነው፤ የሚመርጡት አሠልጣኙና ባለቤቱ ናቸው። በበሩ ላይ ሐኪም ጠርቶ «ይህ ፈረስ ደኅና አይደለም» ያለ ሰው፣ ነገ ያ አሠልጣኝ ስልኩን እንደማያነሣለት ይፈራል። ስመ ጥሩው ጋላቢ ይህን ሊቋቋመው ይችላል። ገና ለማጁ ግን አይችልም፤ እኔን እጅግ የሚያሳስበኝም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ልምድ ያለው ጋላቢ በወረደበት ፈረስ ላይ «አንተ ውጣ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ጋላቢ ለውርርድ ሲል ሊዋሽ ይችላል የሚሉ አሉ። ሥጋቱ ይገባኛል፤ ውሳኔው በጋላቢው ቃል ብቻ ይሁንም አልልም። ፈረስ ሲሰረዝ ያሸንፋል ብሎ በእሱ ብቻ የተወራረደ ሰው ገንዘቡ ይመለስለታል፤ የተሰበረ እግር ግን አይመለስም።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ጋላቢ በፈረሱ ጤና ምክንያት ከወረደ፣ በዚያ ቀን በዚያ ፈረስ ላይ ሌላ ሰው አይውጣ። የወረደውም የዕለት ክፍያውን ያግኝ። በማግሥቱ ሐኪሙ ፈረሱን በልጓም ብቻ ሳይሆን ሰው ተቀምጦበትም ይየው። ሐኪሙ ምንም አላገኘሁም ቢል እንኳ የጋላቢው ቃል በመዝገብ ተጽፎ ፈረሱን ወደሚቀጥለው ሜዳ ይከተለው፤ አለዚያ እዚህ እምቢ የተባለ ፈረስ ሌላ ግዛት ሄዶ፣ ምንም የማያውቅ ጋላቢ ተጭኖበት ይሮጣል። በየዓመቱ የሞቱትን ፈረሶች ቁጥር ስታወጡ፣ ጋላቢዎች ስንት ጊዜ እምቢ እንዳሉና እያንዳንዱ ፈረስ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነም አብራችሁ አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሜሪላንድ