በውርስ የማይተላለፍ ድምፅ

በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ፣ ከሜክሲኮ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ብቻ የምትለይ ስታር የተባለች ካውንቲ አለች። ከመቶ ነዋሪዎቿ ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑት ላቲኖዎች ናቸው። በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ) ሂላሪ ክሊንተን ዶናልድ ትራምፕን በዚህች ካውንቲ በ60 መቶኛ ነጥብ ገደማ በለጧቸው። በ2020 የጆ ባይደን ብልጫ ወደ 5 ነጥብ ወረደ። በ2024 ትራምፕ በ16 ነጥብ ገደማ አሸነፉ። ስታር ከዚያ በፊት ለሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ እጩ ድምፅዋን የሰጠችው በ1892 ነበር፤ ከዓድዋ ድል አራት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው።

ይህን ውጤት በተመለከተ ከሁለቱም ወገን የሰማሁት ትንታኔ አላረካኝም። በዴሞክራቶች ሰፈር የሚደመጠው «እነዚህ ሰዎች እንዴት በገዛ ጥቅማቸው ላይ ድምፅ ይሰጣሉ?» የሚል የብስጭት ጥያቄ ነው። በሪፐብሊካኖች ሰፈር ደግሞ «ላቲኖ በባሕርዩ ወግ አጥባቂ ነው፤ ወደ ቤቱ ተመለሰ» የሚል የድል ዝማሬ ይሰማል። ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ መሠረታቸው አንድ ነው። ድምፁ የፓርቲ ንብረት ሆኖ ተቆጥሯል፤ ክርክሩ «ተሰረቀብን» እና «ተመለሰልን» በሚሉ ባለንብረት ነን ባዮች መካከል ነው።

የደቡብ ቴክሳስን የፖለቲካ ታሪክ ላገላበጠ ሰው ይህ የባለንብረትነት ስሜት ከየት እንደመጣ አይሰወረውም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በዚያ አካባቢ ድምፅ በጅምላ የሚሰበሰበው በአለቆች ነበር። ቴክሳስ ድምፅ ለመስጠት ግብር ታስከፍል በነበረበት ዘመን፣ አለቃው የድሀውን ግብር ይከፍልለታል፤ ድሀውም የታዘዘውን ይመርጣል። ሲታመም ማሳከሚያ፣ ሲሞት መቅበሪያ የሚሰጠው ያው አለቃ ነው። ከእነዚህ አለቆች ዋነኛው «የዱቫል መስፍን» ይባሉ የነበሩት ጆርጅ ፓር ናቸው። በ1948 ሊንደን ጆንሰን ለሴኔት የዴሞክራቶችን እጩነት ያገኙት በ87 ድምፅ ብልጫ ነው። ያን ብልጫ ያስገኘው ደግሞ ከምርጫው ስድስት ቀን በኋላ አሊስ በምትባል ከተማ ከ13ኛው ሣጥን የተገኘ ተጨማሪ ድምፅ ነበር። መዝገቡን ያዩ ሰዎች እንደመሰከሩት 202 ስሞች በአንድ የእጅ ጽሕፈት፣ በአንድ ቀለም፣ በፊደል ተራ ሰፍረዋል። የጣቢያው የምርጫ ዳኛ የነበሩት ሰው በ1977 ነገሩ ማጭበርበር እንደነበር አምነዋል። ከስሞቹ አብዛኞቹ የሜክሲኮ ተወላጆች ስሞች መሆናቸው ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ጆንሰንን ለትልቅ ታሪክ ያበቃው ድምፅ የእነርሱ ነው ተብሎ ተጻፈ፤ እነርሱን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

የምርጫ ግብሩ በ1960ዎቹ አጋማሽ ቀረ፤ አለቆቹም አለፉ። የአንድ ፓርቲ ልማዱ ግን ቀጠለ። ከዳኛው እስከ ሸሪፉ፣ የአካባቢ ሥልጣን ሁሉ የሚወሰነው በዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ስለነበር በኖቬምበር የሚደረገው አገር አቀፍ ምርጫ ለብዙው ሰው ከይስሙላ የሚቆጠር ነበር። አስተማማኝ ድምፅ ወዳለበት ቦታ ደግሞ ማንም ገንዘቡንና ጊዜውን አያፈስም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ።

በዚህ መሐል ኑሮው ተለወጠ። በዚያ ድሀ አካባቢ ለአንድ ኮሌጅ ላልጨረሰ ወጣት ጥሩ ደመወዝ የሚከፍሉት ሥራዎች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ የነዳጅና የጋዝ ሥራ ነው፤ ሌላው የድንበር ጥበቃ። ከአሜሪካ የድንበር ጠባቂዎች ግማሽ ያህሉ ራሳቸው ላቲኖዎች ናቸው። ባይደን በ2020 የክርክር መድረክ ላይ ከነዳጅ ወደ ሌላ የኃይል ምንጭ ስለመሸጋገር ሲናገሩ፣ ከዋሽንግተን የሚሰማው ንግግር ስለ አየር ንብረት ነበር፤ እዚያ የተሰማው ግን ስለ ወር ደመወዝ ነው። ድንበር ጠባቂዎችን የሚያወግዝ ሰልፍ በቴሌቪዥን ሲታይም የሚወገዘው የአክስት ልጅ ነው። በዚህ ላይ የወረርሽኙ ዘመን የሥራ መዘጋት፣ ከዚያም የ2021 እና የ2022 የዋጋ ንረት ተጨመረ። እኔ ከሁሉም የማመዝነው ይህን የመጨረሻውን ነው። የእንቁላልና የቤንዚን ዋጋ የዘር ሐረግ አይመርጥምና።

ለውጡ በኮንግረስ ደረጃ ፍንትው ብሎ የታየው በ2022 ነው። የ34ኛው የምርጫ ክልል ተወካይ ከዘመናቸው በፊት በመልቀቃቸው በጁን ወር የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ያሸነፉት ሪፐብሊካኗ ማይራ ፍሎሬስ ናቸው፤ በሜክሲኮ የተወለዱ፣ በስድስት ዓመታቸው ወደ አሜሪካ የገቡ፣ ጥጥ ለቀማ የሠሩ ስደተኞች ልጅ፣ የድንበር ጠባቂ ባለቤት። ሜክሲኮ ተወልዳ ለኮንግረስ የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በዚያ ምርጫ የተሰጠው ድምፅ በጠቅላላው ወደ 29 ሺህ ብቻ መሆኑን የዘነጉ ብዙ ጸሐፊዎች «አዲስ ዘመን ተበሰረ» ብለው ጻፉ። ከአምስት ወር በኋላ፣ ድንበሩ በተለወጠው በዚያው ክልል፣ ወይዘሮ ፍሎሬስ በዴሞክራቱ ቪሴንቴ ጎንዛሌዝ ተሸነፉ። በ2024 እንደገና ተወዳድረው እንደገና ተሸነፉ፤ ልዩነቱ ግን ከሦስት መቶኛ ነጥብ ያነሰ ነበር። በዚያኑ ዕለት በዚያው ክልል ትራምፕ አሸንፈዋል። በጎረቤቱ 15ኛ ክልል በአንጻሩ ሪፐብሊካኗ ሞኒካ ዴ ላ ክሩዝ በ2022 አሸንፈው በ2024 መቀመጫቸውን አጸኑ።

እንግዲህ በአንድ ወረቀት ላይ ለፕሬዚዳንትነት ሪፐብሊካን፣ ለኮንግረስ ዴሞክራት የመረጠ ሰው ምን ይባል? «ከዳተኛ» የሚለው ቃል አይመጥነውም፤ «ወደ ቤቱ የተመለሰ»ም አይደለም። እየመረመረ የሚመርጥ ሰው ነው። የከተማ ምሁር ሲያደርገው «የነጠረ ፖለቲካዊ ንቃት» የምንለውን ነገር የእርሻ ሠራተኛ ልጅ ሲያደርገው ግራ መጋባት ብለን መጥራታችን ይገርመኛል።

«ላቲኖ» የሚለው ስም ራሱ ለዚህ ስሕተት በር ይከፍታል። በስታር ካውንቲ የሚኖረው ሰው አያት ቅድመ አያቱ ምናልባት ስደተኛ ሆነው አያውቁም፤ በ1848 በተፈረመው የጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ድንበሩ በላያቸው አልፎ ሄደ እንጂ። የፖርቶ ሪኮ ሰው ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋ ነው። ኩባዊው በ1966 በወጣ ሕግ ለመኖሪያ ፈቃድ የተለየ መንገድ አግኝቷል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከትቶ «የስደተኞች መብት ጉዳይ ያንቀሳቅሳቸዋል» ማለት የጥናት ስንፍና ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድምፅ የሚሰጠው ዜጋው ነው። ለዓመታት ተሰልፎ፣ ከፍሎና ተፈትኖ ዜግነት ያገኘ ሰው ያለ ወረፋ ስለመጣው ሰው የሚሰማው ስሜት እኛ እንዲሰማው የምንፈልገው ላይሆን ይችላል።

የእኛን ሰዎች እንኳ እንይ። በ2021 በቨርጂኒያ የአገረ ገዥነት ምርጫ፣ የባይደን አስተዳደር በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን እንምረጥ ብለው በአደባባይ ቀስቅሰዋል። በአቋማቸው የተናደዱ ሌሎች ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ልክ ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ «ጥቁርና ስደተኛ ስለሆናችሁ የእኛ ናችሁ» የሚለው ሒሳብ በዚያ ሰሞን እንዳልሠራ ግን ዐይተናል።

ድምፁ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ሊፈስም እንደሚችል ካሊፎርኒያ ታሪክ አላት። በ1994 የግዛቲቱ መራጮች ሰነድ የሌላቸውን ስደተኞች ከትምህርት ቤትና ከሕክምና የሚያገልለውን 187ኛውን ሐሳብ ሲያጸድቁ፣ አገረ ገዥው ፒት ዊልሰን ዳግመኛ ተመረጡ። ሕጉን ፍርድ ቤት አገደው፤ ቁጣው ግን ሕጉን አልፎ ኖረ። ዜግነት ለማውጣት ሲያመነቱ የነበሩ ብዙዎች አመለከቱ፣ ተመዘገቡ። በ1996 የሪፐብሊካኖች ምሽግ በነበረው ኦሬንጅ ካውንቲ ሎሬታ ሳንቼዝ የዘመናት ተወካዩን ቦብ ዶርናንን በ984 ድምፅ ጣሏቸው። ሪፐብሊካኖች በ1994 ያገኙትን ድል ዋጋ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ከፍለውበታል።

ይህንኑ በ2025 ደገሙት ወይ? ጭንብል ያጠለቁ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በየሥራ ቦታው ሰው ሲያፍሱ በከረመበት ዓመት፣ ትራምፕ በ2024 አሸንፈውባት የነበረችው የኒው ጀርሲዋ ፓሴይክ ካውንቲ፣ ብዙ ላቲኖ የሚኖርባት፣ በኖቬምበር ለዴሞክራቷ ማይኪ ሼሪል በሰፊ ልዩነት ድምፅዋን ሰጠች። ዴሞክራቶች ወዲያው «ተመለሱልን» አሉ። ያው ቋንቋ!

ሪፐብሊካኖችም በበኩላቸው በዚያው ዓመት በኦገስት የቴክሳስን የኮንግረስ ካርታ ዳግም ሠርተው አምስት መቀመጫ ለመጨመር አቅደዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዲሴምበር ካርታው ለ2026ቱ ምርጫ እንዲያገለግል ፈቀደ። የ28ኛውና የ34ኛው ክልሎች መስመር የተሰመረው በ2024 ለትራምፕ የተሰጠው የላቲኖ ድምፅ ባለበት ይጸናል በሚል ግምት ነው።

የ28ኛው ክልል ተወካይ ደግሞ ዴሞክራቱ ሄንሪ ኩዌያር ናቸው፤ የእርሻ ሠራተኞች ልጅ፣ ፅንስ ማስወረድን የሚቃወሙ፣ በ2022 በገዛ ፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ከ300 ባነሰ ድምፅ የተረፉ። በ2024 በጉቦ ተከሰሱ፤ ክሱን አስተባበሉ፤ ትራምፕ ባሸነፉበት ክልል ግን በዚያው ዓመት እርሳቸውም አሸነፉ። በዲሴምበር 2025 ትራምፕ ምሕረት አደረጉላቸው። ኩዌያርም ምሕረቱን በምስጋና ተቀብለው፣ ወዲያው በዴሞክራትነት ለዳግም ውድድር ተመዘገቡ። ፕሬዚዳንቱ «ታማኝነት የጎደለው» ሲሉ በአደባባይ አማረሩ። እኔ በበኩሌ ይህን ዜና ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ሰውየው የክልላቸውን መራጭ ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁታል።