ያላሸነፈው ሯጭ ድርሻ

ከላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ በስተ ምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚታየው የአርሲ ደጋ የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ ዋና መፍለቂያ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂና ከዙሪያዋ ወጥተዋል። ከአዳማ ተነሥቶ በባቱና በላንጋኖ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚጓዝ ሰው የድሉን ፍሬ በዓይኑ ያያል፤ በአዳማና በሐዋሳ የኃይሌ ሪዞርት አለ። ያላሸነፈው ሯጭ ግን በመንገዱ ላይ የሚታይ ነገር አልተወም።

ስለ ተማሪ ስፖርተኞች ክፍያ የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው መነሻው አሜሪካ ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲዎች ከቴሌቪዥን ውልና ከትኬት ከፍተኛ ገቢ ሲሰበስቡ፣ ስፖርተኛው ከነጻ ትምህርት ብዙም ያልዘለለ ጥቅም እንዳያገኝ ለረጅም ዘመን ታግዶ ኖሯል። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲያሻሽል የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። እገዳው የላላው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ በ2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ አንድ ተቋም በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ እንዲያካፍል ፈቅዷል።

ይህን ክርክር እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይጠቅምም። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ከስፖርት የሚያካፍሉት ገቢ የላቸውም። የሯጩ ቀጣሪ እንደ መከላከያ፣ ንግድ ባንክና ማረሚያ ቤቶች ያለ ክለብ ሲሆን ደመወዝ ይከፍላል፤ ትልቁ ገንዘብ ያለው በውጭ አገር የጎዳና ውድድሮች ላይ ነው፤ እሱም ከፊት ለሚገቡት ጥቂቶች ነው። ኤድዋርድ ላዚርና ሸርዊን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት በደረጃ የሚከፈል ሽልማት ጥረትን እንደሚያበረታ አሳይተዋል። ሞዴላቸው ግን ተወዳዳሪው ሌላ አማራጩን አመዛዝኖ እንደሚገባ ታሳቢ ያደርጋል። በ15 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ ልምምድ የገባ ታዳጊ ምን አመዛዘነ? በ22 ዓመቱ ጅማቱ ቢጎዳ የምስክር ወረቀትም ሙያም የለውም። የቀድሞው የአሜሪካ ሥርዓት ፍትሐዊ አልነበረም፤ ሆኖም ሯጩን ቢያንስ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ያቆየው ነበር።

አሸናፊው ለተሸናፊው ለምን ይክፈል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። መልሱ በሩጫው አሠራር ውስጥ ነው። በእኛ አገር ሩጫ የቡድን ሥራ ነው፤ የበቆጂው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ታዳጊዎቹን በጋራ ያሮጡ የስፖርት መምህር ነበሩ። አንዱ ፍጥነት ሲያወጣ ሌላው ይከተላል፣ ተራው ሲደርስም ይመራል። ሻምፒዮኑ ብቻውን ቢሮጥ ኖሮ ሻምፒዮን መሆኑ ያጠራጥራል። የፊተኛውን ፍጥነት የሠራው የኋለኛውም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ድርሻው ልግስና ሳይሆን የሥራ ዋጋ ነው። እግር ኳስ ይህን ቀደም ብሎ ተረድቶታል፤ በፊፋ ደንብ ከዝውውር ክፍያ 5 በመቶው ተጫዋቹን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑ ክለቦች ይከፋፈላል። አትሌቲክስ የዝውውር ገበያ ስለሌለው ይኸው ድርሻ ከማናጀሮች ኮሚሽንና ከስፖንሰር ውል ሊነሣ ይችላል። ከሯጩ ሽልማት ላይ ባይነካ እመርጣለሁ፤ የእሱ ዘመን አጭር ነው።

ገንዘቡ በጥሬው መታደል የለበትም፤ የትምህርት ቦታ ይግዛ። በአሰላ የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከልና የአርሲ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ ይገኛሉ። ማዕከሉ ሠልጣኙ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንዲጨርስ ጊዜ ቢመድብ፣ ዩኒቨርሲቲውም የመግቢያ ነጥብ ላመጣ ሯጭ ቦታውን እስከ 30 ዓመቱ ድረስ ቢያቆይለት፣ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ መምሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሬጅስትራር ደንብ ማሻሻያ ነው፤ እሱም በአንድ የሴኔት ስብሰባ ሊያልቅ ይችላል።