«ምንጭ የለውም» ነው ወይስ አልፈለጋችሁም?

ውክፔዲያ ላይ አንድ የስደተኛ ማኅበረሰብ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰዎች ያናድዱናል። አንደኞቹ «ስንት ቢሆኑ ነው?» እያሉ በቁጥር የሚፈርዱት ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ «አሉ አይደል እንዴ? ካሉ ይጻፍላቸው» የሚሉት ደጎች። ሁለቱም ደንቡን አላነበቡትም።

ደንቡ ብዛት አይጠይቅም፤ መኖር ብቻውንም አይበቃውም። የሚጠይቀው ከማኅበረሰቡ ውጭ ያሉ፣ የሚታመኑ ጸሐፊዎች ጠለቅ አድርገው ጽፈውበታል ወይ ብሎ ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የስረዛ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ቀን ይቆያል፤ የሚወሰነውም (ቢያንስ በወረቀት ላይ) በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በቀረበው ማስረጃ ነው። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለንም። ጠባችን ከአፈጻጸሙ ጋር ነው።

የአዲስ አበባን ሁለት ማኅበረሰቦች እንይ።

አርመኖቹ በቁጥር ሁሌም ጥቂት ነበሩ፤ ዛሬ ከመቶ አይበልጡም ይባላል። ግን ማን ይነካቸዋል? ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው ወላጅ አልባ «አርባ ልጆች» የቤተ መንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ድረስ ሲዘመር የኖረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ የዘመናዊ ሙዚቃችን መምህር ነበር። ለምኒልክ የመንገድ መዳመጫ ያስመጣው ሰርኪስ ቴርዚያንስ? ቤተ መንግሥት ደጃፍ የዋለ ሰው ጸሐፊ አያጣም።

የመኖቹ ግን ደጃፍ ላይ የዋሉት የእኛን ነው። አያቶቻችንን ጠይቁ፤ ስኳሩ፣ ክብሪቱ፣ ላምባው ከ«አረብ ቤት» ነበር የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም በዱቤ። ከ1966ቱ አብዮትና ከ1967ቱ ውርስ በኋላ ብዙዎቹ ወጡ። መዝሙር አልደረሱም፣ ሹመት አላገኙም፣ ሱቅ ከፍተው ዱቤ ሰጡ። ታዲያ ስለነሱ ጽሑፍ ቢቀርብና አንዱ ጉግል ላይ አምስት ደቂቃ ፈልጎ «ምንጭ የለውም፣ ይሰረዝ» ቢል ይገርማችኋል?

ምንጭ ግን አለ! ሳምሶን በዛብህ በጅቡቲና በኢትዮጵያ ስለኖሩ የመኖች የጻፈው ሙሉ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ካይሮ በሚገኘው የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድም የደሴ ማዘጋጃ ቤትን መዛግብት አገላብጠው ስለ የመኖች ጽፈዋል። ደንቡ ራሱ ምንጩ ኢንተርኔት ላይ ይገኝ አይልም፤ በእንግሊዝኛ ይሁንም አይልም። ኦሃዮ ቁጭ ብሎ የሚያርም ሰው ስድስት ኪሎ ወርዶ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ቤተ መጻሕፍት ሊያስስ አይችልም፤ አንፈርድበትም። እኛ ግን ታክሲ አለን። «አላገኘሁም» እና «የለም» የሚባሉ ሁለት ቃላትን መለየትም ታክሲ አይፈልግም።

ደጎቹን ደግሞ አንለቃቸውም። «ለአገሪቱ ዕድገት የላቀ አስተዋጽኦ ያበረከቱ» ብሎ የጀመረ ጽሑፍ ይሰረዝ፣ ደስ ይለናል። የማኅበሩ ሊቀመንበር በማኅበሩ መጽሔት ላይ ስለ ማኅበሩ የጻፈው ምስጋና ምንጭ አይደለም። አንድ ምግብ ቤትና ዓመታዊ ግብዣ ብቻ ያለው ማኅበረሰብም በሁለቱ አገሮች ግንኙነት ጽሑፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ ቢሰጠው አልተሰደበም። ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው የሚተረክ ነገር ሲኖር ነው፤ የራሱ ሰፈር፣ የራሱ ትምህርት ቤት፣ ኑሮውን የቀየረ ሕግ። የየመኖቹ ሱቆች በ1967 ዓ.ም. ምን እንደደረሰባቸው ራሱ ብዙ ገጽ ይወጣዋል።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። አንድ የመናዊ አዛውንት ለእኛ በቃል የሚነግሩን ታሪክ ውክፔዲያ ላይ በቀጥታ አይገባም፤ አርታኢ ያየው፣ የታተመ መሆን አለበት። ለአንድ ዘፋኝ ሠርግ ሁለት ገጽ የሚሰጡ የጋዜጣ አዘጋጆች ለመርካቶ አረብ ቤቶች አንድ ገጽ አያጡም። ይስጡንና እንሥራው፤ ሰዎቹ አርጅተዋል።