ከእናትና ከአባታችሁ ጋር የምታነቡት መጽሐፍ

ልጆች፣ አንዳንድ ወላጆች «ልብ ወለድ ጊዜ ማጥፊያ ነው» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። እንዲህ የሚያሰኝ መጽሐፍ በእርግጥ ሞልቷል። ይህን አንዱን ግን አብረዋችሁ እንዲያነቡ ለምኗቸው።

ሊንዳ ሱ ፓርክ የተባለች ደራሲ በእንግሊዝኛ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችው ነው፤ ርእሱ «ረጅም ጉዞ ወደ ውኃ» እንደ ማለት ነው። ሳልቫ በእውነት ያለ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በሱዳን ደቡብ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኖ ክፍል ውስጥ ሳለ ተኩስ ተሰማ፤ መምህሩም ወደ ጫካ ሩጡ አሏቸው። ከቤተሰቡ ተለይቶ በእግሩ አገራችን ገባ፤ በጋምቤላ ኢታንግ በሚባል የስደተኞች መጠለያ ዓመታት ኖረ። ንያ ግን ደራሲዋ የፈጠረቻት ልጅ ናት። ውኃ ልትቀዳ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሩቅ መንገድ ትመላለሳለች። ታዲያ ንያ ልብ ወለድ ናት ብለን ድካሟን ውሸት እንበለው? ጀሪካን አዝለው የሚውሉ ልጆች በአገራችንም አሉ፤ ምናልባት አንዷ አጠገባችሁ ተቀምጣለች።

ብቻችሁን አታንብቡት የምለው ስለ ምን መሰላችሁ? የሳልቫ አጎት በዐይኑ ፊት ይገደላሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ስደተኞቹ የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ የሆነውም ያስለቅሳል። እዚያ ስትደርሱ እናት ወይም አባት አጠገባችሁ ይሁኑ። ትንንሾቹ ግን ትንሽ ቆዩ።

እንግሊዝኛው ቀላል ነው። ላልገባው ታላቅ እኅት እየተረጎመች ታንብብለት፤ አያቶችም ይስሙ። ስደት ያዩ አያት ካሉና ወሬ ከጀመሩ መጽሐፉን አጥፋችሁ አዳምጧቸው፤ ነገ ትቀጥላላችሁ። ሳልቫና ንያ በምን እንደሚገናኙ አልነግራችሁም።