የኮሌጅ ስም ዶሩራ አይደለም



ኤፕሪል አሜሪካ ለሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦቻችን የጭንቀት ወር ነው። ልጆች ካመለከቱባቸው ኮሌጆች የመቀበያ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ አብዛኞቹ ኮሌጆችም መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው። በመስጂድ ደጅም ሆነ በሰርግ ቤት የሚጠየቀው «ልጅህ የት ገባ?» የሚለው ነው። «በምን ትከፍላላችሁ?» የሚል ብዙም አይሰማም።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ አሁን ይበልጥ ከብዷል። በጁላይ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ፣ ወላጆች ለልጃቸው ትምህርት ከመንግሥት የሚወስዱትን «ፓረንት ፕላስ» የተባለ ብድር ገድቦታል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪዎች ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በድምሩ ከ65,000 ዶላር በላይ መውሰድ አይችሉም። የጎደለውን ከግል ባንክ ለመሙላት የሚሮጥ ቤተሰብ እንደሚኖር ግልጽ ነው።

ብድሩ ምን ያህል እንደሚከብድ እናስላው። የ2025-26 የፓረንት ፕላስ ወለድ 8.94 በመቶ ነው። በዚህ መጠን 65,000 ዶላር ወስዶ በ10 ዓመት የሚመልስ አባት በየወሩ 820 ዶላር ያህል ይከፍላል። በመጨረሻ ከ98,000 ዶላር በላይ ይመልሳል፤ ከዚህ ውስጥ 33,000 ያህሉ ወለድ ነው።

ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብ ያልፋል። ለትምህርት በወለድ መበደርን የከለከሉትም ሆኑ በጠባቡ የፈቀዱት ዓሊሞች ሪባ ሐራም መሆኑ ላይ አይለያዩም። የፈቀዱት የሚያነሱት ምክንያት ዶሩራ፣ ማለትም ሌላ መንገድ የጠፋበት ሁኔታ ነው። ልጃችን በሐላል መንገድ የሚማርበት ሌላ ጥሩ ኮሌጅ እያለ ለስም ብለን ብንበደር ግን ዶሩራ ነው ልንል አንችልም።

ይህ ማለት ታዋቂ ኮሌጅ ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም። ሃርቫርድ ከ2025-26 ጀምሮ የዓመት ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር የሆነ ቤተሰቦች ልጆችን ትምህርቱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን በነፃ ያደርግላቸዋል። ፕሪንስተንም ከ2001 ጀምሮ በሚሰጠው እርዳታ ውስጥ ብድር አያካትትም። ብዙ ጊዜ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ የሚከተው ስሙም ዋጋውም ትልቅ ሆኖ እርዳታው ትንሽ የሆነ የግል ኮሌጅ ነው።

ስናስተምር በነበርንበት ጊዜ ደጋግመን ያየነው ስህተት ደብዳቤውን በጥድፊያ ማንበብ ነው። ኮሌጆች ስጦታውንና ብድሩን «የገንዘብ እርዳታ» በሚል አንድ ርዕስ ሥር ሊደረድሩት ይችላሉ። ስለዚህ ትምህርቱን፣ ማደሪያውን፣ ምግቡንና መጽሐፉን ደምሩ። ከዚያ የማይመለሰውን ብቻ ቀንሱ፤ ይኸውም ስኮላርሺፕና ግራንት ነው። ብድሩን አትቀንሱ፤ እሱ የእናንተው ዕዳ ነው። የምታወዳድሩት የቀረውን ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ከአቅም በላይ ከሆነ ሌላ በር አለ። የፋፍሳን ቅጽ በጊዜ መሙላት ለፔል ግራንት ለማመልከት ያስችላል፤ ትልቁ መጠን በ2025-26 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። ገቢያችሁ ከቀነሰ፣ ለምሳሌ የታክሲ ሥራ ከቀዘቀዘ፣ ማስረጃ አያይዛችሁ ኮሌጁ እርዳታውን እንደገና እንዲያይላችሁ ጠይቁ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ልጃችሁ ሁለት ዓመት በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተምሮ የተጠየቀውን ውጤት ካመጣ፣ በስምምነት ወደ ጆርጅ ሜሰን ወይም ወደ ሌሎች የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች መሸጋገር ይችላል። የመጨረሻው ዲግሪ የሚሰጠው በተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው።

ጀመዓችንም ድርሻ አለበት። ለመስጂድ ግንባታ የምንዘረጋውን እጅ ለተማሪዎች ቀርድ ሐሰን ብንዘረጋው፣ ወለድ የሌለበት በር በሰፈራችን ይከፈታል።

ከሜይ 1 በፊት ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ፤ ተመካከሩ፤ ኢስቲኻራም ስገዱ። ልጁ ዕዳው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ አውቆ ይምረጥ። አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይወፍቃቸው። አሚን።