የማይታየው ዳዶ

አሮጌ አውቶሞቢል አድሶ ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ የሚወድ ሰው በከተማችን ጥቂት አይደለም። በአዲስ አበባ ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ያ ጀርባው ክብ የሆነው ቮልስዋገን ነው። የመጨረሻው ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣው በ2003 (እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር) ቢሆንም፥ ዛሬም በመንገዳችን ላይ ይታያል። የሚያሳድሰውም ሰው ስለ ቀለሙ ብዙ ያወራል፤ ስለ ዳዶው ግን ምንም አይል። እኛ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዳዶው ነው።

የዚህ መኪና አራት ፓራፋንጎዎች ከአካሉ ጋራ የተያያዙት በብየዳ ሳይሆን በብሎን ነው። ብሎኑ 8 ሚሊሜትር ሲሆን፥ የሚቀበለው ዳዶ ከላሜራው ጀርባ በፋብሪካ ተበይዷል። ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር፤ የተጋጨ ፓራፋንጎ ተፈትቶ በሌላ ይለወጣልና። ይሁን እንጂ ጎማው ከሚረጨው ጭቃና ውሃ የተነሣ ዳዶው ከጊዜ በኋላ ይዝጋል። ያን ጊዜ ብሎኑ ሲፈታ ወይ ይሰበራል፥ ወይ ዳዶው ከብየዳው ተላቆ አብሮ ይዞራል። የባለ ሙያ ጠባይ የሚታወቀውም ከዚህ ላይ ነው።

ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ሁለት ዘዴ አለው። አንደኛው ላሜራውን እየበሳ የሚገባ ሹል ብሎን መንዳት ወይም በላሜራው በራሱ ላይ ጥርስ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ፓራፋንጎውን ከአካሉ ጋራ በይዶ መገላገል ነው።

የመጀመሪያው ለምን እንደማያዛልቅ ማናቸውም ተማሪ በቀላል ሒሳብ ሊረዳው ይችላል። የብሎን ጥርስ ማለት በምሰሶ ላይ የተጠመጠመ የዳገት መንገድ ነው። በ8 ሚሊሜትር ብሎን ላይ አንዱ ዙር ከሌላው የሚርቀው 1.25 ሚሊሜትር ነው። የመኪናው ላሜራ ግን ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። እንግዲህ አንድ ሙሉ ዙር እንኳ አይገኝበትም። ብሎን በደንብ እንዲይዝ ከራሱ ውፍረት ጋራ የሚቀራረብ ጥልቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ላሜራው የሌለውን ጥልቀት ማበደር ግድ ነው። ፋብሪካው ዳዶ የበየደበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ቦታው ከተመቸ ዛሬም አዲስ ዳዶ መበየድ የተሻለ ነው። ከበስተ ጀርባው እጅ በማይገባበት ስፍራ ግን ሪቬት ዳዶ የሚባለው ይረዳል። ይህን በ1930ዎቹ (እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር) ያወጣው ጉድሪች የተባለው የአሜሪካ የጎማ ኩባንያ ነው፤ በረዶ የሚከላከለውን ጎማ በአውሮፕላን ክንፍ ላይ ለማሰር አስፈልጎት ነበር። ነገሩ ውስጡ ጥርስ ያለው አጭር ቱቦ ነው። ከፊት በኩል ይገባል፤ መሣሪያው ሲስበው ከጀርባ ያብጥና ላሜራውን ነክሶ ይይዛል።

አገባቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለ8 ሚሊሜትር ዳዶ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ 11 ሚሊሜትር ነው፤ በትንሽ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይሰፋል። ከልክ ካለፈ ዳዶው ይዞራል፤ ብሎኑም አይጠብቅም፥ አይፈታም። የቀዳዳው ጠርዝ በሞረድ ይስተካከል፤ የተገለጠውም ብረት የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። አልሙኒየም ከብረት ጋራ ተነካክቶ ውሃ ሲያገኘው ቶሎ ስለሚበላ፥ የብረቱ ዳዶ ይመረጣል። የበሰበሰ ላሜራ አስቀድሞ ተቆርጦ በጤነኛ ይተካ፤ በወንፊት ላይ ምሰሶ አይተከልም። ብሎኖቹ ግራሶ ተቀብተው ሁሉም በእጅ ይጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ በየተራ ይጥበቁ። የወንበርና የደኅንነት ቀበቶ ማሰሪያ ግን ለዚህ ዓይነት ዳዶ አይታመንም። እዚያ የሰው ሕይወት ስላለ፥ ወፍራም ብረት ከነዳዶው በባለ ሙያ መበየድ አለበት።

ሁለተኛው ዘዴ፥ ማለት ፓራፋንጎውን መበየድ፥ ለዓይን ያማረ ነው። ነገር ግን ግጭት በደረሰ ቀን ባለ መኪናው ብሎን በማስፈታት ፈንታ አካሉን ያስቈርጣል። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የሚከፋው፥ አንዱ ያፈሰሰውን ሌላው መልቀሙ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ የታደሰ መኪና ልትገዛ ስትሄድ በቀለሙ አትደነቅ። ጎንበስ ብለህ ከፓራፋንጎው ሥር ተመልከት፤ ሻጩንም አንድ ብሎን እንዲፈታልህ ለምነው። ብሎኑ ተፈትቶ ተመልሶ ከጠበቀ፥ ሠራተኛው ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው አስቦ ሠርቷል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሠራተኛ የጠየቀውን ዋጋ ብትከፍል አትጐዳም።